«ዳኛው ስንት ዓመት ይቀመጣል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ እንዴት እንደምትመልሱ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን አስጠናለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ዳቦና ቡና ግን አለው። በሥራ ቀን አስተርጓሚ ነኝ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ከችሎት ችሎት ስዞር 14 ዓመት ሆነኝ።

አዲሱ ፈተና 128 ጥያቄዎች አሉት። መርማሪው እስከ 20 ይጠይቃል፤ 12 የመለሰ ያልፋል። አንዱ ጥያቄ «የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ለምን ያህል ጊዜ ያገለግላሉ?» ይላል። መልሱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ዕድሜ ልክ።»

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ሲኒያቸውን ቁጭ አደረጉ።

«ውይ! ምን አጥፍተው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ላስተካክል ብዬ የባሰ አበላሸሁት። «አይ እማማ፣ ሕገ መንግሥቱ የሚለው በመልካም ጠባይ እስከቆዩ ድረስ ነው» አልኳቸው። «አሃ፣ አመክሮም አላቸዋ!» አሉኝ። ቃሉን በአማርኛ የምናውቀው ከእስር ቤት ነውና አልፈረድኩባቸውም።

የሚቀጥለው ጥያቄ «ለምን ዕድሜ ልክ?» የሚል ነው። መልሱ «ከፖለቲካ ነጻ እንዲሆኑ።» እማማ አሁንም አልለቀቁኝም። «ልጄ፣ ነጻ ከሆኑ ታዲያ ዜናው ለምንድን ነው የእገሌ ዳኛ፣ የእገሌ ዳኛ የሚለው?»

ያን ቀን ተንተባተብኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ይኼው ጥያቄ በየቡናው ላይ ስለሚነሳ፣ እኔ እንዴት እንደማስረዳው ልጻፈው። የጠቀስኳቸው ዓመቶች፣ ሌላ ካላልኩ፣ በፈረንጅ ናቸው።

ለፈተናው የመጽሐፉን መልስ ብቻ

ይኼ አጭር ነው። ኢንተርቪው ላይ «ዕድሜ ልክ» በሉ። «ለምን?» ከተባላችሁ «ከፖለቲካ ነጻ እንዲሆኑ» በሉ። የራሳችሁን አስተያየት ለቡናው አቆዩት። ዕድሜያችሁ 55 ያለፈ፣ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖራችሁ ደግሞ በአማርኛ መልሱት፤ አስተርጓሚ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ «የትኛው ዳኛ?» በሉ

ሰው «ለዳኞች የሥራ ዘመን ገደብ ይውጣ» ወይም «አይውጣ» ሲላችሁ፣ ከመስማማታችሁም ከመቃወማችሁም በፊት የትኛው ዳኛ እንደሆነ ጠይቁ። ይኼን ሳይለዩ መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ካባ የለበሰ ሁሉ አንድ ዓይነት ዳኛ አይደለም።

ዕድሜ ልክ የሚቀመጡት የሕገ መንግሥቱ ሦስተኛው አንቀጽ የሚመለከታቸው ናቸው። በዋናነት ዘጠኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች፣ የ13ቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ዳኞችና ከ94ቱ የመጀመሪያ ደረጃ ፌደራል ፍርድ ቤቶች የ91ዱ ዳኞች ማለት ነው። ደመወዛቸውም በሥራ ላይ እስካሉ አይቀነስም፤ እሱም ተጽፏል።

ግን እዚያው ፌደራል ሕንፃ ውስጥ፣ ምናልባትም በዚያው ፎቅ ላይ፣ ዘመናቸው የተቆጠረ ዳኞች አሉ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱን ዳኞች የሚያግዘው የማጅስትሬት ዳኛ የሙሉ ጊዜ ሹመት 8 ዓመት ነው። የኪሳራ ጉዳይ የሚያየው ዳኛ 14 ዓመት። የታክስ ፍርድ ቤት ዳኛ 15 ዓመት። ስለዚህ «ፌደራል ዳኛ ገደብ የለውም» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

የሰፈራችን ፍርድ ቤቶች ደግሞ ሌላ ናቸው። በቨርጂኒያ የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ምክር ቤቱ ለ12 ዓመት ይመርጣቸዋል። በሜሪላንድ የበላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ፊት ቀርበው «ይቀጥሉ» ወይም «ይውረዱ» ይባልላቸዋል፤ 70 ሲሞላቸውም ይሰናበታሉ። ለጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ዳኞች የዘመንም የዕድሜም ገደብ የሌላት ክልል ሮድ አይላንድ ብቻ ናት። ከ50ው ክልል 49ኙ በሆነ መልኩ ገደብ አላቸው። ይኼን ስናገር ብዙ ሰው ይገረማል።

«ፕሬዚዳንቱ ከሾመው የዕድሜ ልክ ነው» የሚለውም አያስኬድም። የዲሲን ሱፒሪየር ኮርት ዳኞች የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው፣ የሚያጸድቀውም ሴኔቱ ነው፤ ዘመናቸው ግን 15 ዓመት ነው። ስለዚህ እኔ ማን እንደሾመው አልጠይቅም። ማን ሊያወርደው እንደሚችል ነው የምጠይቀው።

የዕድሜ ልክ ዳኛን ለማውረድ የተወካዮች ምክር ቤት መክሰስ አለበት፤ ከዚያ ሴኔቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥፋተኛ ማለት አለበት። በዚህ አገር ታሪክ ሙሉ እንዲህ የተከሰሱት 15 ዳኞች ናቸው። የወረዱት 8 ብቻ። ከጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከሰሰ አንድ ሰው ነው፤ ሳሙኤል ቼዝ፣ በ1804። በማግስቱ ዓመት ሴኔቱ ነጻ አወጣው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ቅዳሜ ላይ ከሁሉ ረዘም አድርጌ የምናገረውም ይኼንን ነው።

የኢሚግሬሽን ዳኛው የዕድሜ ልክ ዳኛ አይደለም። ካባ ለብሷል፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ «ዩር ኦነር» እንለዋለን። በሕግ ዓይን ግን የጀስቲስ ዲፓርትመንት ሠራተኛ ነው። የሚሾመው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ነው። በ2025 በርካታ የኢሚግሬሽን ዳኞች ከሥራ ተሰናብተዋል፤ ሴኔቱ አልተጠየቀም፣ ክስም አልነበረም። በችሎት የሚታይ የጥገኝነት ጉዳይ እዚህ ዳኛ ፊት ይጀምራል። ባለጉዳዩ ከተሸነፈ ይግባኙ ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ወዳለው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ይሄዳል። እሱም እዚያው ዲፓርትመንት ሥር ነው። እዚያም ከተሸነፈ፣ የእኛ አካባቢ መዝገብ ሪችመንድ ወዳለው አራተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የዕድሜ ልክ ዳኛ የሚገኘው እዚያ፣ ሦስተኛው ደጅ ላይ ነው። ብዙው ሰው ሳይደርስበት ገንዘቡም ጉልበቱም ያልቃል።

ስለ ባለጉዳይ አላወራም፣ ሥራዬ አይፈቅድም። ስለ ራሴ ግን ላውራ። ለአንድ ቀጠሮ ተጠርቼ ሄጄ ዳኛው የሉም ተባልኩ። ቀጠሮው ወደ ሌላ ዳኛ፣ ወደ ሌላ ወር ዞረ። እኔ የመኪና ማቆሚያ 18 ዶላር ከፍዬ ተመለስኩ። ባለጉዳዩ የከፈለውን እሱ ያውቃል። ለረጅም ዘመን የሚቀመጠውን ዳኛ ስናማ፣ ነገ ይኑር አይኑር የማያውቀውን ዳኛ መርሳታችን ያናድደኛል።

ከዚያ እድርና እቁብ አምጡ

የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ዘመን በ18 ዓመት ይገደብ የሚለውን ሐሳብ በስታቲስቲክስ ለማስረዳት ሞክሬ ሰው አንቀላፍቶብኛል። አንድ ቀን እድርና እቁብ ብዬ ጀመርኩ፤ ሁሉም ነቃ።

አሁን ያለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር እንደ እድር ነው። ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው ሰው ሲሞት ነው። መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ዳኛ ሲሞት ወይም ራሱ «በቃኝ» ሲል ወንበሩ ይለቀቃል፤ በዚያች ሰዓት ዋይት ሃውስ ውስጥ ያለው ሰው ይሾማል። ጂሚ ካርተር አራት ዓመት ሙሉ ፕሬዚዳንት ሆኖ አንድም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳይሾም ወጣ። ዶናልድ ትራምፕ በመጀመሪያው አራት ዓመት ሦስት ሾመ። ዕድል ነው።

ዕድል ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው አንቶኒን ስካሊያ በፌብሩዋሪ 2016 ሲሞት፣ ኦባማ ያቀረቡትን ሜሪክ ጋርላንድን ሴኔቱ «ምርጫው ስለደረሰ» ብሎ ሳይሰማው ቀረ። ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በሴፕቴምበር 2020 በ87 ዓመቷ ስትሞት ደግሞ ለምርጫው ሰባት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር፤ በምትኳ የቀረበችው ኤሚ ኮኒ ባሬት በኦክቶበር 26 በ52 ለ48 ድምፅ ጸደቀች። የእማማ ጥያቄ መልሱ እዚህ አካባቢ ነው። ወንበሩ መቼ እንደሚለቀቅ ስለማይታወቅ፣ ሲለቀቅ ለቀስተኛው ሳይበተን ሽሚያው ይጀመራል።

ሐሳቡ ይኼን እድር እቁብ እናድርገው ነው። ዘጠኝ ወንበር አለ። በየሁለት ዓመቱ አንድ ወንበር ይለቀቃል። ዘጠኝ ጊዜ ሁለት፣ 18። እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት በአራት ዓመት ሁለት ይሾማል፤ አያንስም፣ አይበዛም። ዕጣው አስቀድሞ የወጣ እቁብ በሉት። ረከቦት ካለ ዘጠኝ ሲኒ ደርድሩና በተራ እያነሳችሁ አዲስ ተኩ፤ ሕፃን ልጅ ይገባዋል።

አንድ ተማሪዬ፣ አዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ ሰው፣ ወዲያው ሁለት ጥያቄ ሰነዘሩ። «አንዱ 18 ዓመት ሳይሞላው ቢሞትስ?» በብዙዎቹ ረቂቆች ምትኩ የቀረውን ዓመት ብቻ ይጨርሳል። «አሁን ያሉት ዘጠኙስ?» ጠቡ ያለው እዚህ ነው። አንዳንዱ ረቂቅ ነባሮቹን አይነካም። ሌላው ከሁሉ የቆየው ይጀምር ይላል። ፕሬዚዳንት ባይደን በጁላይ 2024 የ18 ዓመቱን ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ከ18 ዓመት በላይ የቆዩት ሦስት ነበሩ፤ ክላረንስ ቶማስ ከ1991፣ ጆን ሮበርትስ ከ2005፣ ሳሙኤል አሊቶ ከ2006 ጀምሮ። ሦስቱም በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ ናቸው። ስለዚህ ሪፐብሊካኖች «ይኼማ እኛን ለመንቀል ነው» ቢሉ ከመሬት ተነስተው አይደለም። ረቂቅ ስታነቡ ነባሮቹን እንዴት እንደሚያደርጋቸው የሚለውን መስመር ፈልጉ። ዓላማው እዚያ ይታያል።

«አርጅተው ነው» የሚለውን ምክንያት ግን አልወደውም። 80 ዓመታቸው ላይ ከእኔ የነቁ ሰዎች እዚሁ ክፍል አሉኝ። ለውጡ ሌላ ነው። እስከ 1970 ድረስ የነበሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአማካይ 15 ዓመት ገደማ ነው የተቀመጡት። ከዚያ ወዲህ የለቀቁት 26 ገደማ ደርሰዋል። ሰው ረጅም ዕድሜ መኖር ጀመረ፤ ፕሬዚዳንቶችም ወጣት መምረጥ ለመዱ። ቶማስ ሲሾም 43 ዓመቱ ነበር፣ ባሬት 48 ዓመቷ።

«ይታደሳል ወይ?» ማለትን አትርሱ

ዘመን መገደብ እንደ መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ከተሳተ ይገድላል። የእኛ ሰው ይኼን ከማንም በላይ ያውቃል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለ ሕዝብ ነን። ሹመቱ አጭር ከሆነ ዳኛው ስለሚቀጥለው እንጀራው እያሰበ ይፈርዳል። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የነበረው አሌክሳንደር ሃሚልተን በ1788 ለዕድሜ ልክ ሹመት የተከራከረው በዚህ መንገድ ነው። ፍርድ ቤት ሰይፍም የለው፣ ካዝናም የለው፤ ወንበሩ ካልጸና ምን ይዞ ይቆማል ነው ነገሩ።

እና የዘመን ገደብ የሚል ሰው ስታገኙ «አንዴ ብቻ ነው ወይስ ይታደሳል?» በሉት። የሚታደስ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ልታደስ ብሎ የሚጠብቅ ዳኛ ሁልጊዜ የአዳሹን ፊት ያያል። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት 16 ዳኞች አሉት፤ 12 ዓመት ያገለግላሉ፣ አይታደስም፣ 68 ሲሞላቸውም ይወጣሉ። በመጀመሪያው ቀን መጨረሻቸውን ያውቁታል።

«18 ዓመት ሞልቶት ሲወጣስ አይቆጨውም?» ብሎኛል አንድ ወጣት፣ ተረቱን ይዞ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በብዙዎቹ ሐሳቦች ዳኛው ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ይሄዳል ወይም አንጋፋ ዳኛ ተብሎ በተጠራ ጊዜ ይሠራል። አሁንም ቢሆን 65 ዓመት የሞላውና 15 ዓመት ያገለገለ ፌደራል ዳኛ በሙሉ ደመወዝ ጡረታ መውጣት ይችላል።

አንዳንዴ «የእኛስ?» እባላለሁ። በ1987 በራሳችን አቆጣጠር የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኛ በሕግ ከተወሰነው የጡረታ ዕድሜው በፊት ከፈቃዱ ውጭ እንደማይነሳ ይላል፤ የዲሲፕሊን ጥፋት፣ ጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስና ሕመም ሲቀሩ። ማለትም በወረቀት ላይ የእኛ የዕድሜ ጣሪያ አለው፣ የአሜሪካ የለውም። ወረቀቱና ችሎቱ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያየ ሰው ለብቻው ያጫውታችኋል።

ማን ነው የሚለውጠው?

ሰው በዜና «ሐሳብ ቀረበ» ሲባል ያለቀ ይመስለዋል። እኔም አንድ ጊዜ ተሸውጄ ለክፍሉ «ሊለወጥ ነው» ብዬ ነበር። ምንም አልተለወጠም።

ብዙ የሕግ ሰዎች የሚሉት ሕገ መንግሥቱ መሻሻል አለበት ነው። ለዚያ ከሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ ከ50ው ክልሎች የ38ቱ ይሁንታ ያስፈልጋል። 13 ክልሎች እንቢ ካሉ አለቀለት። እስካሁን የተሳኩት ማሻሻያዎች 27 ናቸው። ፕሬዚዳንቱን በሁለት ምርጫ የገደበው 22ኛው በ1951 ጸድቋል፤ ስለዚህ የሥራ ዘመን መገደብ ለአገሩ ባዕድ አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ዳኛነቱን ሳንነጥቀው ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሌላ ፍርድ ቤት ካዛወርነው ተራ ሕግ ይበቃል» ይላሉ። እኔ ይኼኛው ያስፈራኛል። ዛሬ በተራ ሕግ የተሠራ ነገ በተራ ሕግ ይፈርሳል፤ ለዚያውም ሕጉ ይጸናል አይጸናም የሚለውን የሚፈርዱት እነዚያው ዘጠኙ ናቸው። ፕሬዚዳንት ባይደን ስለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲያጠና ያቋቋሙት ኮሚሽን በዲሴምበር 2021 ባወጣው ሪፖርት ሁለቱንም መንገድ ዘርዝሮ፣ ይህን አድርጉ ሳይል ነው የዘጋው።

ረቂቁ የት እንደደረሰ ለማወቅ የኮንግረስን ድረ ገጽ ክፈቱና ቁጥሩን ጻፉ። የመጨረሻ እርምጃ የሚለውን ብቻ አንብቡ። «ወደ ኮሚቴ ተመራ» ካለና ወራት ካለፉት ተኝቷል። ኮንግረሱ በሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ያልጸደቀ ረቂቅ አብሮ ይሞታል፤ እንደገና ከሀ ይጀመራል። የአሁኑ 119ኛው ኮንግረስ በጃንዋሪ 3፣ 2027 ያበቃል።

ስልክ መምታት

የኮንግረስ ማዞሪያ ቁጥር 202-224-3121 ነው። የተወካያችሁን ወይም የሴኔተራችሁን ስም ንገሯቸው፣ ያገናኟችኋል። ዜጋ መሆን ግድ አይደለም፤ ነዋሪ መሆን ይበቃል። ዲሲ የምትኖሩ ግን ሴኔተር የላችሁም፤ ያለቻችሁ አንድ ተወካይ ናት፣ እሷም ረቂቅ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። ይኼ ሌላ የቡና ርዕስ ነው።

ስልኩን የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ኮሌጅ ያለ ልጅ ነው። አይከራከራችሁም። ስም፣ ከተማ፣ ዚፕ ኮድ፣ አንድ ሐሳብ። ከአንድ ደቂቃ አትለፉ። በእኔ ጥሪ ረጅሙ ጊዜ የሄደው የአባቴን ስም ፊደል በማስቆጠር ነው።

እማማ ራሴ ነው የምደውለው አሉ። እንግሊዝኛውን በእኛ ፊደል ጻፍኩላቸው፦ «ማይ ኔም ኢዝ» ብሎ ይጀምርና «አይ ሰፖርት ኤይቲን ይርስ ፎር ሱፕሪም ኮርት፣ ታንክ ዩ» ብሎ ያልቃል። መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍተው፣ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ብሎ እያዳመጠ አነበቡት። ዚፕ ኮዱን አንድ በአንድ ተናገሩ። ልጅቷ አመሰገነችና ሌላ የሚጨምሩት ካለ ጠየቀች።

ወረቀቱ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡትና በራሳቸው ቀጠሉ።

«ሱፕሪም ኮርት፣ ሾርት። ኢሚግሬሽን ጃጅ፣ ሎንግ። ኦኬ?»

ልጅቷ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ።